በአምለሰት ስም

አምለሰት በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት ስትቀጠር ገና ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ዳር ባለች ትንሽ ከተማ፣ የሃያ ስድስት ቀበሌ ገበሬ የመሬት ማህደር በአንድ ክፍል ውስጥ ተደርድሮ አገኘችው። ግማሹ በምስጥ ተበልቷል፣ ግማሹ ቀበሌው ተምታቷል። ሁለት ክረምት ፈጅቶባት ሁሉንም በየቦታው አስገባች። ከዚያ በኋላ ማህደር ያለ እሷ ፈቃድ ከመደርደሪያ ወርዶ አያውቅም። ማን ወሰደ፣ በስንት ሰዓት ወሰደ፣ መቼ መለሰ፣ ሁሉንም በትልቅ ደብተር እየጻፈች ታስፈርማለች። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ እንኳ ሳይፈርሙ ወረቀት ይዘው አይወጡም።

አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ ስትሠራ የሠራተኛውን ሁሉ የእጅ ጽሑፍ ለየች። ደብተር ላይ አንድ መስመር አይታ፣ ይህ የቀያሹ የወንዳወቅ ነው፣ ይህ የአቶ እጅጉ ነው ለማለት ፊርማውን ማየት አያስፈልጋትም ነበር።

ኋላ ኮምፒውተር መጣ። አራት ናቸው፤ በገመድ ከአንድ ትልቅ ኮምፒውተር ጋር ተያይዘዋል፣ ትልቁ ደግሞ ከዞኑ ጋር ይገናኛል። ከባሕር ዳር የመጣው አሠልጣኝ ሁለት ቀን ብቻ ነው የቆየው። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በየስሙ መግቢያ አወጣና ለሁሉም አንድ ዓይነት ፓስወርድ ሰጠ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። በኋላ ሁላችሁም የየራሳችሁን ትቀይራላችሁ ብሎ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተሳፈረ። የቀየረ ሰው አልነበረም።

አምለሰት ከሁሉ ቀድማ ቢሮ የምትገባ ናት። ገብታ አራቱንም ኮምፒውተር በራሷ ስም ትከፍታቸዋለች። የሚመጣው ሠራተኛ ያገኘው ወንበር ላይ ይቀመጥና ሥራውን ይቀጥላል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ከየክፍሉ ይጠሯታል፤ እሷም ሄዳ ትከፍትላቸዋለች። በኋላ መመላለሱ ሲሰለቻት ስሟንና ቁጥሩን በትንሽ ወረቀት ጽፋ በየስክሪኑ ጠርዝ ለጠፈችው። አንድ ቀን ታማ ስትቀር በረኛው ጋሽ ይሄይስ ገብተው እንደከፈቱላቸው በማግሥቱ ነገሯት። ሁሉም ሳቁ፣ እሷም ሳቀች። ከሦስት ሰዓት መንገድ በእግሩ የመጣ ገበሬ በር ላይ ቆሞ ከሚጠብቅ ይህ ይሻላል ብላ ነበር የምታስበው። እንዲያውም ሁሉ ነገር በእሷ ስም መከፈቱ በልቧ ትንሽ ያኮራት ነበር።

በሦስተኛው ዓመት፣ በግንቦት መጀመሪያ፣ ወይዘሮ ሀብትነሽ የሚባሉ ሴት አረንጓዴውን የመሬት ደብተራቸውን በነጠላ ጠቅልለው መጡ። ባላቸው ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ልጆቻቸው ሁለቱም ሴቶች፣ አንዷ ባል አግብታ ራቅ ብላ የሄደች፣ ሌላዋ ተማሪ ናት። በሬ ጠምዶ የሚያርስ ወንድ ከቤታቸው ስለሌለ ስድስቱን ጥማድ መሬታቸውን ጎረቤታቸው አርሶ ምርቱን በእኩል እንዲካፈሉ ተስማምተው፣ ውሉን ለማስመዝገብ ነበር የመጡት።

አምለሰት የማሳውን ቁጥር አስገባች። ስክሪኑ ላይ የወጣው ስም የሀብትነሽ አልነበረም። ያረጋል ይላል። ያረጋል የሟቹ ባላቸው ታናሽ ወንድም ነው።

ቁጥሩን ተሳስቼ ይሆናል ብላ ደግማ አስገባች። ያው ነው። ከዚያ ማን እንደለወጠው የሚያሳየውን ገጽ ከፈተች። የካቲት ዘጠኝ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። የለወጠው ሠራተኛ፦ አምለሰት።

 የካቲት ዘጠኝ ቀን የት እንደነበረች ለማስታወስ ሞከረች። እንደማንኛውም ቀን ቢሮ ነበረች፤ ከዚህ ሌላ የምትለው ነገር የላትም። ወይዘሮ ሀብትነሽ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠው ዓይን ዓይኗን ያያሉ። ማንበብ አይችሉም። አምለሰት ሁለት ጊዜ ተጭና የያረጋልን ስም አጥፍታ የሳቸውን ብትመልስ፣ ውሉን አትማ ብትሸኛቸው፣ ሴትዮዋም ምንም ሳያውቁ መርቀዋት ይሄዱ ነበር። እጇ እዚያው ላይ ነበር። ግን ይህን ያደረገ ሰው ነገም ያደርገዋል፤ አሁን ብትነካው ደግሞ የእሷ ስም ሁለት ጊዜ ይጻፋል እንጂ የሱ አይታወቅም። እጇን አነሣች።

ለወይዘሮ ሀብትነሽ፣ መዝገቡ ላይ ስሕተት ስላገኘች ለኃላፊው መንገር እንዳለባትና ውሉ ዛሬ እንደማይመዘገብ ነገረቻቸው። ከዚያ ወደ አቶ እጅጉ ገባች።

አቶ እጅጉ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ሰው ማስቀየም የማይወዱ ኃላፊ ናቸው። ነገሩን ሰምተው መነጽራቸውን አወለቁ፤ አሹት፤ መልሰው አደረጉት። ቀስ ብለው፣ ዝም ብለሽ አስተካክይው አሏት። ወደ ዞን ከሄደ መጀመሪያ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ፤ ስምሽ ነው ያለው፤ የሃያ ዓመት ሥራሽን በአንድ ቀን ለምን ታጠፊያለሽ፣ አሏት። ከልባቸው ነበር የሚመክሯት።

«ጋሼ፣ ካስተካከልኩት እኔ ነኝ ያልኩ ነው የሚሆነው» አለች አምለሰት። «ይሂድ።»

ማመልከቻውን በራሷ እጅ ጽፋ ሰጠቻቸው። በሳምንቱ ጉዳዩ እስኪጣራ ከሥራ የሚያግድ ደብዳቤ ደረሳት። ያረጋልም ወይዘሮ ሀብትነሽም ውሳኔ እስኪሰጥ ማሳውን እንዳያርሱ ለቀበሌው ተጻፈ።

ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ወሬው ከደብዳቤው ቀደመ። አምለሰት መሬት ሸጠች ተባለ። ወደ ገበያ ስትወጣ ሰላምታው አጠረባት። ከሁሉ በላይ ግን የሴትዮዋ ነገር እንቅልፍ ነሳት። ገበሬው ሁሉ በቆሎውን ሊዘራ ሲጣደፍ፣ የሳቸው ማሳ በእሷ ስም ምክንያት ጦም ሊያድር ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እስከ መገንጠያው በባጃጅ ሄዳ ከዚያ በእግሯ ወረደች።

ወይዘሮ ሀብትነሽን በጓሯቸው ጎመን ሲኮተኩቱ አገኘቻቸው። ቀና ብለው አዩዋት እንጂ ግቢ አላሏትም። በዚያ አገር ደጅ የመጣን ሰው ግባ አለማለት ቀላል ነገር አይደለም። አምለሰት አጥሩ ዳር ቆማ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት አለች።

«ስምሽ ነው ያለው አሉኝ» አሉ ወይዘሮ ሀብትነሽ።

«ስሜ ነው እትየ። እኔ ግን አልሠራሁትም። በሩን ከፍቼ የተውኩት ግን እኔ ነኝ። የሚገባበትን ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ ለጥፌ፣ የፈለገ ሁሉ በኔ ስም ሲገባ እያየሁ ዝም አልኩ። ይህን ሌላ ሰው ሳይነግርዎ እኔው ልንገርዎ ብዬ ነው።»

ሴትዮዋ ዶማቸውን ተደግፈው፣ መሬቱ ይመለስ እንደሆነ ጠየቋት። አምለሰት እንደሚመለስ ቃል መግባት አልቻለችም። ማህደሩ በእጅ በተጻፈው መዝገብ ላይ በሳቸው ስም እንዳለ፣ የካቲት ዘጠኝ ቀንም ማንም ሰው ማህደሩን ፈርሞ እንዳላወጣ፣ ይህን ነገሩን ለሚያጣራው የዞኑ ኮሚቴ እንደምታሳይ ብቻ ነገረቻቸው። እንግዲህ ያንን አሳይ ልጀ፣ አሏትና ወደ ኩትኳቷቸው ተመለሱ። ስትሄድ ግን ከኋላዋ ጠርተው፣ ወንዙ ጠዋት ሞልቶ ነበርና በላይኛው መሻገሪያ ሂጅ አሏት። አምለሰት ያን ቀን ስትመለስ በዚያች ቃል ስትጽናና ዋለች።

ኮሚቴው ፍኖተ ሰላም ላይ ተቀመጠ። ሦስት ሰዎችና ሜላት የምትባል የኮምፒውተር ባለሙያ ነበሩ። ሜላት ገና ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከጠረጴዛው ጫፍ ላፕቶፕ ከፍታ ብዙም ሳትናገር ታዳምጣለች። ሰብሳቢው መዝገቡን አነበቡና ጥያቄ ጀመሩ።

«ፓስወርድሽን ከአንቺ ሌላ ማን ያውቀዋል?»

«እኔ የማውቃቸው አሥራ አንድ ናቸው» አለች አምለሰት። «አንደኛው በረኛችን ናቸው።»

ከኮሚቴው አንዱ ሳቀ። ሜላት አልሳቀችም።

«ለምን ሰጠሽ?»

«ሰው ቆሞ ይጠብቅ ነበር።» ትንሽ አሰበች። «ደግሞ ቁጥር ነው ብዬ ነበር የማስበው። ፊርማዬ መሆኑ አልገባኝም። ፊርማዬን እኮ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።»

አቶ እጅጉን አስፈቅዳ ትልቁን የእጅ ደብተሯን ተሸክማ መጥታ ነበር። የካቲት ዘጠኝን ገልጣ አሳየቻቸው። ያን ቀን አሥራ አራት ማህደር ወጥቷል፣ አሥራ አራቱም ተመልሷል፤ የወይዘሮ ሀብትነሽ በመካከሉ የለም። መሬት ሲተላለፍ ማህደሩ ሳይወጣ፣ የስምምነት ወረቀት ሳይገባ፣ የቀበሌው ማኅተም ሳያርፍ አይሆንም። ማሽኑ ላይ የተሠራው ሥራ ወረቀት የለውም።

ሜላት ሁለት ቀን እንዲሰጣት ጠየቀች፤ አለቃዋንም አስፈቀደች። ከፍኖተ ሰላም ቢሮዋ ሳትነሣ የዞኑን ጨምሮ የአሥራ አንድ ጽሕፈት ቤቶችን ሠራተኞች ስም እያስገባች በዚያችው በአንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሞከረች። ሰባቱ ተከፈቱ። ከቀሩት አራት ሁለቱ መጨረሻው ላይ አምስት ሲጨመርበት ተከፈቱ። በሦስተኛው ቀን ለኮሚቴው ስታስረዳ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ይህ መዝገብ ማን እንደሠራው አይነግረንም» አለች። «የማን በር ክፍት እንደነበረ ብቻ ነው የሚነግረን። ክፍት ያልነበረ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል።»

ከተከፈቱት አንዱ የሰብሳቢው የራሳቸው መግቢያ ነበር። ሜላት ይህን በሰው ፊት አላወራችም፤ በብጣሽ ወረቀት ጽፋ በጠረጴዛው ላይ ገፋችላቸው። ሰብሳቢው አንብበው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ ከዚያ በኋላ አምለሰትን የጠየቋት በአንቱታ ነበር።

ውሳኔው በሰኔ አምስት ወጣ። መሬቱ በማህደሩና በጎረቤቶች ምስክርነት ወደ ወይዘሮ ሀብትነሽ ተመለሰ። በቆሎ ለመዝራት ረፍዶ ስለነበር ጎረቤታቸው ማሳውን ለጤፍ አለሰለሰው፤ ጤፍ ገና ነው። ማን እንደለወጠው ግን ሊረጋገጥ አልቻለም። አምለሰት ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ መግቢያዋን ለሌላ ሰው በመስጠቷም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። አቶ እጅጉ ይግባኝ እንድትል ሲመክሯት ማስጠንቀቂያው ትክክል ነው አለቻቸው። ፈርማ ወደ ራሷ የግል ማህደር አስገባችው።

የመጀመሪያ ሥራዋ ከአራቱ ስክሪኖች ጠርዝ ላይ ወረቀቶቹን መላጥ ነበር። ከዚያ ሠራተኛውን ሰብስባ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም በየራሱ ስም፣ በየራሱ ፓስወርድ እንደሚገባ ነገረች። ወዲያው ጉርምርምታ ሆነ። እንረሳዋለን አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሜላት ከዞን ልካላቸው የነበረው የፓስወርድ ምሳሌ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተቀላቀለበት፣ ለሰው ምላስ የማይመች ነገር ነበር። በሳምንት ውስጥ ሁሉም መልሰው በወረቀት እንደሚለጥፉት አምለሰት አውቃለች።

ያን ምሽት አባቷን አሰበች። መሪጌታ ነበሩ፤ ቅኔ ያስተምሩ ነበር። ተማሪ ሁሉ በየዕለቱ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ይመጣል እንጂ ትናንት የተባለውን ወይም ከጓደኛው የሰማውን ይዞ ቢቀርብ አይቀበሉትም ነበር። ተማሪዎቹ ደግሞ የራሳቸውን ሲረሱ አላየችም። ሰው ራሱ የደከመበትን ነገር አይረሳም።

በማግሥቱ ሰሌዳ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈች፤ «ቀዩ በሬ በሦስት ሰዓት ሁለት አጥር ዘለለ»። ከየቃሉ የመጀመሪያዋን ድምፅ ብቻ በእንግሊዝኛ ፊደል ወሰደች፤ ቁጥር ያለበት ላይ ቁጥሩን አስገባች። ማንም የማይገምተው ነገር ወጣ። ይህን ግን ሁላችሁም ስለሰማችሁት አይሠራም ብላ ደመሰሰችው። አሁን እያንዳንዳችሁ ለማንም ነግራችሁት የማታውቁትን ነገር አስቡ፤ ረዘም ያለ ይሁን፤ ቁጥር ይኑረው፤ ለኔም እንዳትነግሩኝ፣ አለቻቸው።

አቶ እጅጉ ግማሽ ሰዓት ያህል መስኮት መስኮቱን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ በአንድ ጣታቸው እየፈለጉ ጻፉ። እስከ ጡረታቸው ድረስ አንድም ቀን አልረሱትም። ነገሩ ስለ አንዲት በቅሎ እንደሆነ ብቻ አምልጧቸው ተናግረዋል።

ያን ቀን ያልጻፈ አንድ ሰው ነበር፤ ቀያሹ ወንዳወቅ። መስክ እወጣለሁ ብሎ ሄደ። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። በአራተኛው ቀን አምለሰት መደርደሪያ ስታስተካክል ገብቶ በሩን ዘጋና ቆመ። 

«እኔ ነኝ» አላት። ያረጋል የክርስትና አባቱ ነው። የካቲት ላይ መጥቶ፣ ወንድሜ ከመሞቱ በፊት መሬቱ ለኔ እንዲሆን ተስማምተን ነበር፣ ሴትዮዋም ታውቃለች፣ ወረቀቱን ኋላ አመጣለሁ ብሎት ነበር። ወረቀቱ ሳይመጣ ቀረ። በእሷ ስም መሠራቱን ወንዳወቅ ያኔ ልብ አላለውም፤ ልብ ሲለው ደግሞ ፈራ። እሷ ስትታገድ ሁለት ጊዜ እስከ ቤቷ በር መጥቶ ተመልሷል።

አምለሰት በውስጧ የነደደውን ነገር ለማብረድ እጇ ላይ ያለውን ማህደር በቦታው አስገባች። አንድ ወር ያህል በከተማዋ መሐል አንገቷን ደፍታ የሄደችው ትዝ አላት። መጮህ ትችል ነበር።

«ለኔ ነግረኸኛል» አለችው። «አሁን ለጋሽ እጅጉ ንገር። ከዚያ ለሴትዮዋ። እኔ ቀድሜህ አልናገርም፤ እስከ ዓርብ ብቻ ግን።»

ሐሙስ ዕለት ተናገረ። ከደሞዙ ተቀጣ፤ ለስድስት ወር ከኮምፒውተር ሥራ ተነሣ። ከዚያ ሁለት ሽማግሌ ይዞ ወደ ወይዘሮ ሀብትነሽ ወረደ። ሴትዮዋ ሰሙት። ይቅርታው እንዳለ ሆኖ፣ ካሣው ምን ይሁን ብለው ሽማግሌዎቹ ሳይጠይቋቸው፣ ራሳቸው ወንዳወቅን መለኪያህን ይዘህ ና አሉት። ስድስቱን ጥማድ ድንበር በድንበር፣ ጎረቤት ሁሉ ቆሞ እያየ፣ ያረጋልም ባለበት እንደገና እንዲለካው አደረጉ። ከጠዋት እስከ ቀትር በጭቃ ውስጥ ሲለካ ዋለ። ሲጨርስ ጠላ ሰጡት። ያረጋል አልጠጣም፤ ግን ድንበሩ ላይ ቆሞ አይቷል፤ ከዚያ ወዲህ ነገር አላነሣም።

በጥቅምት ወይዘሮ ሀብትነሽ ወደ ቢሮ መጥተው የሁለቱን ሴት ልጆቻቸውን ስም በማህደሩ አስገቡ። በዚህ ጊዜ አምለሰት ስክሪኑን ወደሳቸው አዙራ፣ የልጆቹን ስምና ከሥሩ የሠራተኛውን ስም በጣቷ እያሳየች አነበበችላቸው። ይህኛው ማን ነው ሲሏት፣ ይህኛው እኔ ነኝ፣ ዛሬ በእርግጥም እኔ ነኝ አለቻቸው። ሴትዮዋ ሳቅ አሉ።

ሜላት የአምለሰትን ዘዴ ስትሰማ ስልክ ደውላ፣ ለሌሎቹም እንድታሳይ ጠየቀቻት። በጥር፣ ከየወረዳው የተሰበሰቡ አርባ ያህል የመዝገብ ሠራተኞች ፍኖተ ሰላም አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ ከደምበጫ የመጡ አሉ፣ ከመራዊ የመጡ አሉ። ሜላት ስለ ማሽኑ አስረድታ ስትቀመጥ አምለሰት ተነሣች። ብዙ ሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። የደረሰባትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ የራሷን ጥፋት ሳትዘል ነገረቻቸው። ቀጥላም ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ አስረዳች፤ ደመሰሰች። አሁን የየራሳችሁን አስቡ አለቻቸው።

 አርባ ሰው ጣሪያ ጣሪያ፣ መስኮት መስኮት ያያል። አንዳንዱ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ አንዳንዱ በጣቱ ይቆጥራል። ከኋላ ወንበር አንድ ሸበቶ መዝገብ ቤት ሠራተኛ የሆነ ነገር ትዝ ብሏቸው ለብቻቸው መሳቅ ጀመሩ፤ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። ከጎናቸው ያለው ሰው ምንድን ነው ቢላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። አምለሰት አየቻቸው። ምን እንደሆነ ለማወቅ ልቧ ቢፈልግም አልጠየቀቻቸውም፤ ጀርባዋን ሰጥታ ሰሌዳውን ማጽዳቷን ቀጠለች።